ጀርባ የሌለው መጽሐፍና ሊቀ ቃላት

በር የሌለው መሥሪያ ቤት አይቼ አላውቅም፤ የቃል ዘር ቆጣሪ የሌለውም አይቼ አላውቅም። በአንዱ ቤት ንብረት ክፍል ነው የሚቀመጠው፣ በሌላው ጡረታ የተቃረበ መምህር ነው፣ በሌላው መድኃኒት ሻጭ። ሥራው ይለያይ እንጂ ጠባዩ አንድ ነው። አንተ ቃሏን ጣል አድርገህ ወደ ጉዳይህ ልትሄድ ስትል፣ እሱ ክንድህን ይዞ የቃሏን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥርልሃል። «ጨው አቀብለኝ» ብትለው፣ ጨው አንተ ጋ የሚደርሰው ሦስት ባሕር ተሻግሮ፣ ወጡም ቀዝቅዞ ነው።

የእኛ ማተሚያ ቤትም ድርሻው አልቀረበትም። ክቡርነታቸው ከእኔ ጠረጴዛ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ከተቀመጡ አስራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። እኔ አራሚ ነኝ። ቀን ቀን የሰው ግድፈት እለቅማለሁ፣ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ እንዲህ ያለውን ለጋዜጣ እጽፋለሁ። እሳቸው ተርጓሚ ናቸው። በደመወዝ መዝገብ ላይ የተጻፈው ስማቸው ሌላ ነው፤ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ግን ሁሉም የሚያውቃቸው «ሊቀ ቃላት» በሚል ማዕረግ ነው። ሹመቱን የሰጣቸው የለም። ሊሽርባቸው የደፈረም የለም።

ቀጭን ናቸው፣ ከትከሻቸው ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው። ሊጀምሩ ሲሉ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይሰቅላሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉና፣ «ይህ ቃል የዋህ እንዳይመስልህ» ይላሉ። ይቺን የሰማ፣ ልምድ ያለው ሰው ሻዩን ቶሎ ይጠጣል፤ አዲስ የመጣ ሰው «ለምን?» ይላል። «ለምን» ያለ ሰው በዚያ ቀን ሌላ ሥራ አይሠራም።

አንድ ቀን ወረቀት ቆራጩን የመቁረጫው ጫፍ ጣቱን ነካው። ደሙ ጠረጴዛው ላይ ተረጨ። «ፋሻ! ፋሻ አምጡልኝ!» ብሎ ጮኸ። ከሁላችንም ቀድመው ፋሻ ይዘው የደረሱት ሊቀ ቃላት ነበሩ።

«ፋሻ» አሉ የልጁን እጅ ወደ ላይ ይዘው፣ «ይህ ቃል የዋህ እንዳይመስልህ። የጣልያን ነው። እነሱ ዘንድ ጥብጣብ፣ መጠቅለያ ማለት ነው። ከጣልያን አልፈህ ወደ ላቲን ስትሄድ ደግሞ…»

«ጋሼ፣ በእናትዎ! መጀመሪያ ደሜ ይቁም፤ ጣልያን ቀስ ብለን እንደርሳለን!»

እውነት ለመናገር አፋቸው ላቲን ሲደርስ እጃቸው ጠቅልሎ ጨርሶ ነበር። ክሊኒክ የተቀበለችው ነርስ «ይሄን ማን አሰረው? እኔም እንዲህ አላስር» ብላለች። ቆራጩ ይህን ሲያወራ ይስቃል፤ ፋሻ የጣልያን መሆኑን ግን እስከ ዛሬ አልረሳም።

ሌላ ጊዜ በስህተት የደወለ ሰው እጃቸው ላይ ወደቀ። «ጋራዥ ነው?» አለ ሰውዬው። «አይደለም» አሉ ሊቀ ቃላት፤ «ግን ቃሉ ከየት እንደመጣ ያውቃሉ?» ምስኪን፣ አላውቅም አለ። ከፈረንሳይ መምጣቱን፣ መጠለያ ከመስጠት ጋር ዝምድና እንዳለው፣ መኪና ሳይፈጠር በፊት ምን ይጠለልበት እንደነበር፣ አስራ ሁለት ደቂቃ አስረዱት። እኛ ሰውዬው መኪናውን ሸጦ በእግሩ መሄድ ጀምሯል ብለን ተሳሳቅን። በማግስቱ ስልኩ ጮኸ። ያው ሰውዬ ነው። «ጋራዡን አግኝቼዋለሁ» አለ። «ዛሬ የደወልኩት ባትሪ ስለምትለዋ ቃል ልጠይቅ ነው።»

ባለቤታቸውን አንድ ዝናባማ ቀን ጃንጥላ ይዘው ሲመጡ በር ላይ አገኘኋቸው። ደፈር አልኩና፣ «እትዬ፣ ቤት ውስጥስ እንዴት ነዎት?» አልኳቸው። የገባቸው ወዲያው ነው። «አንድ ጆሮዬ ደክሟል» አሉኝ ፈገግ ብለው። «በዚያ በኩል ነው እሳቸውን የማስተኛቸው።»

እንግዲህ ባለፈው ዓመት ነው፣ የአጥንት ሐኪሟ መጽሐፍ እኛ ቤት የመጣው። ዶክተሯ አርባ ዓመት የሰው ጀርባ ሲያክሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ሲሄዱ ቀጥ ብለው ነው፤ በእሳቸው ፊት የቆመ ሰው ሳያውቀው ደረቱን ይነፋል። የጻፉት መጽሐፍ «ጤናማ አከርካሪ» ይባላል። እንዴት መቀመጥ፣ እንዴት መሸከም፣ እንዴት መተኛት እንዳለብን የሚያስተምር ነው። ሦስት ሺህ ቅጂ አዘዙ። የአሠራር መመሪያውን ውጭ አገር መጽሐፍ በማዘጋጀት ሥራ የሚተዳደር የወንድማቸው ልጅ በእንግሊዝኛ ጽፎ ልኮላቸዋል። ጽሑፉ ለእርማት ወደ እኔ፣ መመሪያው ለትርጉም ወደ ሊቀ ቃላት መጣ።

መመሪያው ውስጥ ስፓይን የሚል ቃል ነበረበት። በቃ። ሳምንታችን አለቀ።

«ስፓይን!» አሉ ሰኞ ጧት፣ ገና ኮቴን ሳላወልቅ። «ይህ ቃል የዋህ እንዳይመስልህ። ዛሬ አከርካሪ ነው፤ ድሮ ግን እሾህ ነበር።»

«እሾህ?» አልኩ። አስራ አንድ ዓመት ኖሬም አልተማርኩም።

«እሾህ! ላቲኖቹ ስፒና ይላሉ፤ እሾህ ማለት ነው። እስቲ ጎንበስ በልና ጀርባህን ዳብስ። ከአንገትህ እስከ ወገብህ ጎርበጥ ጎርበጥ የሚለው እሾህ አይመስልም? አየህ፣ ሰው ሁሉ ልብሱ ሥር የእሾህ አጥር ይዞ ነው የሚሄደው። ቃሉ በፈረንሳይ ዞሮ ነው እንግሊዝ የገባው። ጃርትንስ በእንግሊዝኛ ምን ይሏታል? ፖርኪዩፓይን! እሾሃም አሳማ ማለት እኮ ነው!»

ማክሰኞ ሮማ ገባን። የጥንት ሮማውያን ሰረገላ በሚያሽቀዳድሙበት ሜዳ መካከል ለመካከል የሚቆመውን ረጅም ግድግዳ በዚሁ ቃል ይጠሩት እንደነበር ተረዳሁ፤ ፈረሶቹ በአከርካሪ ዙሪያ ነበር የሚሮጡት። ረቡዕ ስለ ወኔ ሆነ። እንግሊዞች ሰውዬው ስፓይን የለውም ካሉ ፈሪ ነው ማለታቸው ነው። «እኛስ ብንሆን» አሉ ሊቀ ቃላት፣ «አከርካሪውን ሰበረው እንል የለም? ቋንቋው ይለያያል እንጂ የሰው ልጅ ወኔውን የሚያስቀምጠው እዚያው አጥንት ላይ ነው።» ረቡዕ ከሰዓት ዘበኛው በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ይቅርታ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ስፔን ስፔን ስትሉ እሰማለሁ፤ ተሸነፈች እንዴ?» ብሎ ጠየቀን።

ሐሙስ ዕለት ወደ ሥራው መጡ። መመሪያው የሚለው የመጽሐፉ ርዕስ ስፓይኑ ላይ በጉልህ ይጻፍ ነው። የመጽሐፍ ስፓይን ማለት ቅጠሎቹ የሚሰፉበት፣ መደርደሪያ ላይ ሲቆም ወደ እኛ የሚዞረው ቀጭኑ ወገን ነው።

«የመጽሐፍ አከርካሪ ብዬ ብጽፍ» አሉኝ፣ «ሽፋኑን የምትሠራው ዲዛይነራችን ፍየል ልናርድ ነው ትላለች። ጀርባ ይሻላል። ግን የእኛም ጀርባ ቀላል ቃል አይደለም። የኋላ ሽፋኑም ጀርባ ነው፣ የሚሰፋውም ወገን ጀርባ ነው። ስለዚህ ማስታወሻ እጽፍበታለሁ።»

የእሳቸው ማስታወሻ! አንድ ገጽ ሙሉ፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል። ትርጉሙ ስድስት መስመር ነበር።

ጸሐፊያችን ሁለት ልጆቿን ከትምህርት ቤት ልታወጣ ሰዓቱ ደርሶባት፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነበር የምትተይበው። ስድስቱን መስመር ጨረሰችና ሁለተኛውን ወረቀት አንስታ ወደ እኔ ዞረች። ሊቀ ቃላት ወጣ ብለው ነበር።

«ይሄንንም ልተይበው?»

«ተዪው እባክሽ» አልኳት። «መመሪያ ነው የተባልነው እንጂ የትውልድ ሐረግ አይደለም።»

ቀልዴን ወደድኩት። እሷም ሳቀች። ድምፃችን ከፍ ብሎ ነበር። ወረቀቱን መሳቢያዋ ውስጥ ጣል አድርጋ ሄደች።

በሦስተኛው ሳምንት መጽሐፉ ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ ዕቃ ቤቱን ሞላው። ዶክተሯ ሊያዩት መጡ። ሁላችንም ወረድን፤ መጽሐፍ ሲወለድ ማየት ደስ ይላል። ዲዛይነሯ የመጀመሪያውን ቅጂ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። ዶክተሯ የፊት ሽፋኑን አዩ፤ «ጤናማ አከርካሪ» ይላል፣ አማረ። ገለበጡት። የኋላ ሽፋኑም ላይ በትላልቅ ቀይ ፊደል «ጤናማ አከርካሪ» ይላል። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው መደርደሪያ ላይ አቆሙት። ወደ እኛ የዞረው ወገን ነጭ ነበር። ባዶ።

«ስሙ የት አለ?» አሉ ዶክተሯ።

«ከኋላው አለልዎት» አለች ዲዛይነሯ፣ አሁንም እየሳቀች።

«የእኔ ልጅ» አሉ ዶክተሯ በቀስታ፣ «እኔ የሰው ጀርባ ሳቀና ዕድሜዬን ጨረስኩ። የገዛ መጽሐፌ ሁለት ፊት ኖሮት ጀርባ ያጣ!»

«ወገቤን!» አለች ልጅቷ። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ።

መጽሐፉ በመጪው ሰኞ ለሚጀመር የነርሶች ሥልጠና ነበር የተዘጋጀው። ቀሪው በየጤና ተቋሙ ቤተ መጻሕፍት ይገባል። መደርደሪያ ላይ ስሙ የማይታይ መጽሐፍ ደግሞ እንደሌለ ነው። ዶክተሯ ይህን ለሥራ አስኪያጁ ሳይጮኹ አስረዷቸው። ባይጮኹም ሥራ አስኪያጁ ክራቫታቸውን አላልተው ነበር። ዲዛይነሯን፣ ጸሐፊዋን፣ ሊቀ ቃላትንና እኔን ወደ ቢሯቸው አስጠሩን።

«አንቺ ነሽ የሠራሽው?» አሏት ዲዛይነሯን።

«አዎ፣ ግን የተሰጠኝ…» የተተየበውን መመሪያ አወጣች። «ይኸው፣ ርዕሱ በጀርባው ላይ በጉልህ ይጻፍ ይላል። በጀርባው ላይ በጉልህ ጻፍኩት።»

«ጭንቅላት የተሰጠሽ ለምንድን ነው? መጽሐፍ አይተሽ አታውቂም? ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ!»

ልጅቷ ሥራ ከጀመረች ገና ሰባት ወሯ ነው። እናቷን የምታስተዳድረው እሷ መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን። ጸሐፊዋን አየኋት፤ ፊቷ ወረቀት መስሏል። ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። የኔ ዓይን ጫማዬ ላይ። አሁን ማስታወሻው ይነሣል አልኩ በልቤ። አሁን ሊቀ ቃላት መነጽራቸውን ይሰቅላሉ፣ ከላቲን ይጀምራሉ፣ ከአርባ ደቂቃ በኋላ መሳቢያው ይከፈታል፣ ጸሐፊዋ ትጠየቃለች፣ እሷም በጣቷ እኔን ታሳያለች።

ሊቀ ቃላት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ራመዱ።

«ስህተቱ የእኔ ነው» አሉ።

ጠበቅን። አልቀጠሉም። አስራ አንድ ዓመት ሳውቃቸው እንዲህ አጭር ዓረፍተ ነገር ተናግረው አያውቁም።

«እንዴት ነው የእርስዎ የሆነው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ቃሉን የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ጀርባ አልኩ። ጀርባ ሁለት ነው። አንዱን ለይቼ በአንድ መስመር መናገር ነበረብኝ። ልጅቷ የተሰጣትን ነው የሠራችው።»

ሥራ አስኪያጁ ከእሳቸው በሃያ ዓመት ያንሳሉ። ቢሆንም ተናገሩ። «ይገርማል! ስንት ዓመት ሙሉ ስለ ቃል ሲያስተምሩን ኖረው፣ አንዲት ቃል አቅተዎት ሦስት ሺህ መጽሐፍ አበላሹብን?»

ሊቀ ቃላት አንገታቸውን ደፉ። የሚኮሩበት ነገር አንድ ብቻ ነበር። እሷንም እዚያ ምንጣፍ ላይ፣ በእኛ ፊት አስቀመጧት። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን ዛሬ የምጽፈው ልመጻደቅ አይደለም፤ ዝም ስላልኩ ነው።

ከዚያ እሳቸው ራሳቸው መላ አመጡ። ርዕሱ በቀጫጭን ወረቀት ይታተምና በእያንዳንዱ መጽሐፍ ጀርባ ላይ በእጅ ይለጠፍ። ዶክተሯ ትንሽ አሰቡ። «ቀጥ ብሎ ከተለጠፈ ይሁን» አሉ። «የተጣመመ ጀርባ ግን አልቀበልም።» ሥራ አስኪያጁ ፍርዳቸውን ጨመሩበት። ልጅቷ ትቆይ። ሊቀ ቃላት ግን ከዛሬ ጀምሮ ትርጉም አይነኩም፤ ወርደው ጥራዝ ክፍል ይለጥፉ።

ወረዱ። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ እንዳለ ትተው፣ የኮላ ብሩሽ ይዘው፣ ከቆራጩና ከዲዛይነሯ ጋር ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ እርማት ሠራሁ።

እንዴት ያለ ጸጥታ መሰላችሁ! አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የተመኘሁት ጸጥታ መጣልኝና በአንድ ቀን አንገሸገሸኝ። ሰዓቱ ሲቆጥር ይሰማል። ምራቄን ስውጥ ይሰማል። ማክሰኞ ከሰዓት ዘበኛው በመስኮት ብቅ አለ፤ የዕለቱን ዜና ሲጠብቅ ቆይቶ ምንም ሳይል ሄደ። ቆራጩ ከታች መጥቶ፣ «ጋሼን ምን አደረጋችኋቸው?» አለኝ ተቆጥቶ። «ጧት ኮላ ስጠኝ አሉኝ። ሰጠኋቸው። ተቀበሉ። በቃ! ኮላ እኮ ነው ያልኳቸው! እሱም የጣልያን ሳይሆን አይቀርም!»

ጸሐፊዋን ኮሪደር ላይ አገኘኋት፤ ዓይኗ ቀልቷል። «ልነግረው ነው» አለችኝ። «ልሂድና ለሥራ አስኪያጁ ልነግረው ነው።»

«አንቺ አይደለሽም የምትነግሪው» አልኳት።

ረቡዕ ጧት ብሩሽ ይዤ ወረድኩ። ከሊቀ ቃላት አጠገብ ተቀመጥኩ። አራት መጽሐፍ ያህል ለጠፍኩ። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩት፤ ማስታወሻውን ተዪው ያልኳት እኔ ነኝ፣ ቀልጄ ነው፣ ስቄም ነበር።

እሳቸው ቀና አላሉም። «ቀጥ አድርገህ ለጥፍ» አሉኝ። «ይቺ ዘመም ብላለች።»

«ለሥራ አስኪያጁ እነግረዋለሁ።»

«ንገረው። ግን ሰኞ ከመድረሱ በፊት አይሁን። አሁን ተበሳጭቶ አንድ ሰው ቢያባርር እጅ ያጥረናል።»

እየለጠፍን ሳለ ዶክተሯ ሥራውን ሊያዩ ገቡ። አንድ መጽሐፍ አንሥተው በአንድ ዓይናቸው መሥመሩን ለኩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በርጩማ ስበው ከሊቀ ቃላት ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ተርጓሚው እርስዎ ነዎት አሉኝ።»

«ነበርኩ።»

«እኔ ስፓይን ስፓይን ስል አርባ ዓመት ኖርኩ። ትናንት ማታ ጋደም ብዬ ሳስበው፣ ለመሆኑ ቃሉ ምን ማለት ነው አልኩ። ለካ ጠይቄ አላውቅም።»

ቆራጩ ማሽኑን አጠፋ። ሊቀ ቃላት ዶክተሯን በጥርጣሬ አዩአቸው፤ ሊያሾፉባቸው የመጡ መስሏቸው ነበር። ዶክተሯ አላሾፉም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣምረው እንደ ተማሪ ይጠብቃሉ።

«እሾህ» አሉ ሊቀ ቃላት።

«ምን አሉ?»

«እሾህ። መነሻው እሾህ ነው።»

ዶክተሯ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መቱ። «ታካሚዎቼ እኮ! እንጨት ሲሸከሙ የኖሩ አንዲት እናት ነበሩ፣ ሁልጊዜ ‹ዶክተር፣ እዚህ ጋ እሾህ አለብኝ፣ ንቀይልኝ› ነበር የሚሉኝ። እኔ ደግሞ ‹እማማ፣ እሾህ የለም፣ ይሄ አጥንትዎ ነው› ስላቸው ዓመት አለፈ። ልክ ነበሩ ማለት ነው?»

«ላቲን ባያውቁም ልክ ነበሩ!» አሉ ሊቀ ቃላት። ያኔ እጃቸው ሲነሣ አየሁት። መነጽሩ አፍንጫቸውን ለቀቀና ቀስ ብሎ ወጣ፣ ግንባራቸው ላይም ተሰቀለ። ከቆራጩ በኩል «እሰይ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሮማ ገባን፣ ከፈረሶቹ ጋር ዞርን፣ ጃርቷን አሳማ አደረግናት። ዶክተሯ በበኩላቸው የአከርካሪ አጥንቶች በእንግሊዝኛ ቨርቴብራ እንደሚባሉ አነሡ፤ ሊቀ ቃላትም ያ ቃል ከመዞር የመጣ መሆኑን ነገሯቸው። ሁለቱም በርጩማቸው ላይ ወገባቸውን ወዲያና ወዲህ እያዞሩ እንደ ልጅ ሞከሩት። በዚያ ቀን የለጠፍነው ከማክሰኞው በእጅጉ ያነሰ ነው። የቀረውን ዓርብ አገባደድነው። ሦስት ሺሁም ጀርባ አገኘ፤ ጥቂቶቹ ትንሽ ዘመም ያሉ ናቸው፣ የለጠፍኳቸው እኔ ነኝ።

ሰኞ ጧት ለሥራ አስኪያጁ ተናገርኩ። ማስታወሻውን ከመሳቢያው አውጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። አንድ ገጹን እስከ መጨረሻው አነበቡት። የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ ከሥሩ ተሠምሮበት፣ «የኋላ ሽፋኑን ማለቴ አይደለም» የሚል ተጽፏል። ያሉኝን እዚህ አልጽፈውም፤ ልክ ነበሩ። ለአንድ ወር ጥራዝ ክፍል ተመደብኩ። ሊቀ ቃላትን ግን ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ወርደው ይቅርታ ጠይቀው ወደ ጠረጴዛቸው መለሷቸው።

የአንድ ወር ቅጣቴን ጨርሼ ስመለስ ጠረጴዛዬ እንደነበረ ነው። ሊቀ ቃላትም እንደነበሩ ናቸው፤ ከተቀመጥኩ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስለ ካርቶን ማወቅ የሚገባኝን ሁሉ አወቅሁ። ግን አንድ ነገር ሆዴን ይበላኝ ነበር። ልክ ከምሳ በፊት ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ማስታወሻው እንደተተወ ያውቁ ነበር?»

«ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ። አሳሳቅህ ደግሞ ሩቅ ይሰማል።»

«ታዲያ ያኔውኑ ለምን ዝም አሉ?»

«አንድ ገጽ ጽፌ ማንም ካላነበበልኝ ጥፋቱ የአንባቢው ብቻ ነው? አብሬያችሁ ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። ነገሩ እዚህ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም።»

«እሺ፣ ቢሮ ውስጥስ? ጸሐፊዋስ ልጆች አሏት፣ እሱ ይገባኛል። የእኔን ስም ቢጠሩት ግን ምን ይቀርብዎት ነበር?»

መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ጠረጉት። «አንተማ የምትሰማኝ ሰው ነህ» አሉኝ።

አፈርኩ። ከዚህ በኋላ ልዋሻቸው አልፈለግኩም። «ጋሼ፣ እኔ እኮ አልሰማዎትም። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ራሴን እየነቀነቅኩ ፊደል ስለቅም ነው የኖርኩት።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ባትሰማም ግን አትነሣም።»

ኮሪደሩ በእግር ድምፅ ተሞላ፤ ምሳ ሰዓት ነው። ቆራጩ በሩ ላይ ቆሞ «ኧረ ና፣ ወረፋው ሊረዝም ነው!» አለኝ። ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ፣ አንድ እጄን የኮቴ እጅጌ ውስጥ አስገብቼ ነበር። ሊቀ ቃላት «ወረፋ» የምትለዋን ሰምተው ወደ ጣሪያው ቀና ብለዋል።

ኮቴን መልሼ አወለቅኩና ወንበሬን ሳብኩት።